ኀዘንና ማዕድ

ሰው በሞት ሲለይ አገር ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሟቹ ነው። «ምን ነበር ያመመው? ስንት ቀን ተኛ? ዕድሜውስ ስንት ነበር?» ይባላል። ከሟቹ ጋራ ሠላሳና አርባ ዓመት ከአንድ መሶብ ስለ በላው ስለ ቀሪው ግን፥ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ወይም «ያጽናሽ» ከተባለ በኋላ እምብዛም የሚጠይቅ የለም። እኔ በዚህች ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ስለ ቀሪው ነው። ይኸውም ባሏ የሞተባት ሴት ወይም ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ጤናው የሚጐዳው በልብ ኀዘን ብቻ ሳይሆን በማዕድም በኩል መሆኑን ከታሪክ ምሳሌ እያመጣሁ ለማስረዳት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ «ይህ የሽማግሌዎች ነገር ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» አትበል። አባትህና እናትህ አንድ ቀን አንዳቸው ካንዳቸው በሞት ይለያሉ። በዚያን ጊዜ የቀረውን የምትጠብቀው አንተ ነህ፤ ጠባቂም የሚጠብቀውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

አስቀድሜ የማነሣው የእንግሊዝን ንግሥት የቪክቶሪያን ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፥ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1819 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በ18 ዓመታቸው ነገሡ፤ በ1840 ዓ.ም. ከጀርመን አገር የመጡትን ልዑል አልበርትን አገቡ፤ ዘጠኝ ልጆችም ወለዱ። ልዑል አልበርት ለንግሥቲቱ ባል ብቻ አልነበሩም፤ ደብዳቤ የሚያረቁላቸው፥ በመንግሥት ሥራም የሚያማክሩዋቸው እሳቸው ነበሩ። በ1861 ዓ.ም. በማርች ወር የንግሥቲቱ እናት ሞቱ። ያው ዓመት ሳያልቅ፥ ዲሴምበር 14 ቀን፥ ልዑል አልበርት በዊንድሶር ግንብ ዐረፉ፤ ሐኪሞቹም የታይፎይድ ትኩሳት ነው አሉ። ሟቹም ቀሪዋም 42 ዓመታቸው ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ንግሥቲቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ጥቍር ልብስ ለበሱ። የባላቸው ክፍል እንደ ነበረ ይጠበቅ ዘንድ አዘዙ፤ አሽከሮችም ባለቤቱ በሕይወት እንዳለ ሁሉ ልብሱን ያዘጋጁ፥ የሚታጠብበትንም ሙቅ ውኃ ያቀርቡ ነበር። ንግሥቲቱ ከሕዝብ ፊት ርቀው ተቀመጡ፤ ፓርላማውን ራሳቸው ተገኝተው የከፈቱት ከአራት ዓመት በላይ ቈይተው በ1866 ዓ.ም. ነው።

ወደ ማዕዳቸው ስንመለስ፥ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀድሞም ምግብ የሚወዱ፥ ፈጥነውም የሚበሉ ሴት ነበሩ። በግብር ላይ እሳቸው በልተው ሲጨርሱ የእንግዶቹ ሁሉ ሳሕን ይነሣ ስለ ነበር፥ ከማዕዳቸው ራት ሳይጠግብ የሚነሣ እንግዳ ብዙ ነበረ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግን በነበሩት ዓመታት ሰውነታቸው እየወፈረ ሄደ። ቁመታቸው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን፥ በእርጅናቸው ጊዜ ከለበሱዋቸው ልብሶች አንዱ በዘመናችን ለጨረታ ቀርቦ ሲለካ የወገቡ ዙሪያ 127 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪማቸው የነበሩት ጄምስ ሪድ፥ ምግብ አልፈጭ እያለ ስላስቸገራቸው ለሆድ የሚቀል ምግብ እንዲወስዱ መከሩዋቸው። ንግሥቲቱም የቀለለውን ምግብ ወደዱት፤ ነገር ግን በከባዱ ምትክ በመውሰድ ፈንታ በከባዱ ላይ ጨመሩት።

ይህን የምጽፈው በታላቅ ሰው ድካም ለመሳለቅ አይደለም። አንድ ነገር እንድታስተውል ነው። ንግሥቲቱ የዚያን ጊዜውን የዓለም ታላቅ መንግሥት የሚገዙ፥ ብዙ አሽከርና ብዙ ሐኪም የነበራቸው ሴት ነበሩ። ነገር ግን በማዕዳቸው ላይ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ መካከል «ይብቃሽ እንጂ» ብሎ ሊናገራቸው የሚችል ማን ነበር? እንዲህ ያለው ቃል ከአሽከር አይወጣም፤ ከእንግዳም አይወጣም። ከባል ወይም ከሚስት ብቻ የሚወጣ ቃል ነው።

ባልና ሚስት በማዕድ ላይ አንዱ ለሌላው ጠባቂ ነው። ሰውዬው በሥራ ተበሳጭቶ ሳይበላ ሊተኛ ሲል «ብላ እንጂ፥ ምን ሆነሃል?» የምትለው ሚስቱ ናት። ሚስቲቱ ጨው ሲበዛባት፥ ቡና ስትደጋግም «ዛሬስ ይብቃሽ» የሚላት ባልዋ ነው። «ብላ» የሚለው ቃልና «ይብቃህ» የሚለው ቃል ከአንድ አፍ ይወጣሉ፤ ያ አፍ ሲዘጋ ሁለቱም ቃላት አብረው ይቀበራሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ኀዘንተኛ አፉን ይዘጋል፥ ሌላው ደግሞ አፉን ይሞላል። መንገዳቸው የተለያየ ይመስላል እንጂ ምክንያታቸው አንድ ነው። የሚዘጋው ሆዱ ስለ ሞላ አይደለም፤ የሚሞላውም ሆዱ ስለ ጐደለ አይደለም። የጐደለው ቤቱ ነው።

ኀዘን ሁሉ ሰውን ፈጥኖ ይገድላል ማለት ግን አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ ከባላቸው በኋላ 39 ዓመት ኖረው በጃንዋሪ 22 ቀን 1901 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ቀሪው ሳይዘገይ ሟቹን የሚከተልበት ጊዜም አለ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በዚያው ዘመን በራሳችን አገር የደረሰ ታሪክ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያሳለፉት በ1860 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን፥ የትንሣኤ ማግስት ነው። ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ድል ተነሥተው ብዙ ዓመት ታስረው ኖረዋል። እንግዲህ የዚህች ሴት መከራ ስንት እጥፍ እንደ ነበረ አስብ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋራ የእንግሊዝን ጦር ተከትለው ወደ ሰሜን ሲጓዙ፥ ግንቦት 8 ቀን በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በትግራይም በጨለቆት ተቀበሩ። ከባላቸው ሞት እስከ እሳቸው ሞት ድረስ ያለው ጊዜ 32 ቀን ብቻ ነው።

«ኀዘን ገደላቸው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል የሰው አፍ። የታሪክ ተማሪ ግን መቸኰል አይገባውም። እቴጌ ጥሩወርቅ ቀድሞውኑ የሳንባ ሕመምተኛ ነበሩ፤ በዚያ ላይ የጦርነት ድንጋጤ፥ በድንኳን ማደርና የጕዞ ድካም ተጨመረባቸው። ኀዘን ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነው። ብቻውን መጥቶ ጤነኛውን አይጥልም፤ ቀድሞ የተሰነጠቀውን ገብቶ ይሰብራል እንጂ።

የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዋይት ደሴት ላይ በኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ጥቍር የለበሰችው ንግሥት አባትና እናት የሌለውን ልጅ ተቀበለችው፥ ራራችለትም። ልጁ ግን በዚያ አገር ዘመድ አልነበረውም። በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ተይዞ ሲተኛ፥ ተመርዣለሁ ብሎ ስለ ጠረጠረ የሚሰጡትን እምቢ ያለበት ጊዜ ነበረ፤ በኖቬምበር 14 ቀን 1879 ዓ.ም. ሞተ፥ አልበርት በሞቱበት በዊንድሶር ግንብም ተቀበረ። ንግሥቲቱ መሞቱን በሰሙ ጊዜ በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድ ብቻውን መሆኑን እያነሡ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ኀዘናቸውን ጽፈዋል። ሰው ከሚያምነው እጅ ሲርቅ እንጀራና መድኃኒት እንኳ መርዝ መስለው እንደሚታዩት ከዚህ ልጅ ታሪክ እንማራለን።

እነዚህ የነገሥታት ታሪኮች ናቸው። ስለ ተራው ሰው ደግሞ ሊቃውንት በቍጥር መርምረዋል። ዊልያም ፋር የተባለው የእንግሊዝ የሕዝብ ቍጥር ሊቅ በ1858 ዓ.ም. የፈረንሳይን ሕዝብ የሞት መዝገብ መርምሮ፥ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው ሰዎች በትዳር ካሉት ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ ገለጸ። ከመቶ ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሌሎች ተመራማሪዎች በ1957 ዓ.ም. ሚስቶቻቸው የሞቱባቸውን፥ ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆነ 4,486 ወንዶች መዝገብ ተከታተሉ። ውጤቱም በ1963ና በ1969 ዓ.ም. ታተመ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 213 ሰዎች ሞቱ። ይህም ቍጥር በዚያው ዕድሜ ካሉ ባለትዳሮች ሊጠበቅ ከሚገባው በመቶ 40 የሚበልጥ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የበዛውም የልብ በሽታ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ግን ልዩነቱ እየቀነሰ ሄደ።

ይህን ቍጥር በሁለት ዐይን ተመልከተው። በአንድ በኩል ከ4,486ቱ ውስጥ እጅግ የሚበዙት ስድስቱን ወር አልፈው ኖረዋል፤ ስለዚህ ኀዘንተኛን «አንተም መሄድህ ነው» እያሉ ማስፈራራት ስሕተት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚያ ስድስት ወራት ከሌላው ጊዜ ይልቅ አደገኛ ናቸው። በእኛ አገር ለቅሶ ደራሽ የሚበዛው በስንተኛው ቀን ነው? በመጀመሪያውና በሦስተኛው ቀን ነው። አደጋው ስድስት ወር ይቈያል፤ እኛ ግን በሦስት ቀን እንበተናለን።

ኀዘን በሰውነት ላይ የሚሠራው እንዴት ነው? ሰው በብርቱ ሲያዝን ሰውነቱ ጠላት እንደ መጣበት ሁሉ ይሰናዳል። ለድንጋጤ ጊዜ የተሠሩት ሆርሞኖች ወደ ደም ይረጫሉ፤ የልብ ምት ይፈጥናል፥ የደም ግፊት ይጨምራል፥ እንቅልፍ ይሸሻል፥ የምግብ ፍላጎት በአንዱ ሰው ይዘጋል፥ በሌላው ላይ ደግሞ ወደ ጣፋጭና ወደ ቅባት ያዘነብላል። በጃፓን አገር ሐኪሞች በ1990 ዓ.ም. አንድ የልብ ሕመም ገለጹ። ከብርቱ ድንጋጤ ወይም ከኀዘን በኋላ የልብ የታችኛው ክፍል ተነፍቶ ለጊዜው ይደክማል፤ ቅርጹም ዓሣ አጥማጆች ኦክቶፐስ የተባለውን የባሕር እንስሳ የሚይዙበትን ማሰሮ ስለ ሚመስል «ታኮትሱቦ» ብለው ጠሩት። ይህ ሕመም በብዛት የሚታየው በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ነው፤ አብዛኞቹም በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። እንግዲህ አባቶቻችን «ልቡ ተሰበረ» ሲሉ የተናገሩት በምሳሌ ብቻ አልነበረም።

በማዕድ በኩል የሚመጣው ጕዳት ግን ከዚህ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሠራል። በዕድሜ የገፉ ኀዘንተኞችን አመጋገብ የመረመሩ ሰዎች ያገኙት እንዲህ ነው። ብቻቸውን ይበላሉ፤ ምግብ ይዘላሉ፤ በቤት የሚሠራ ወጥ እየተዉ ቀላሉን ያነሣሉ፤ መብላት ራሱ ደስታ መሆኑ ይቀርባቸዋል፤ ሳያስቡት ይከሳሉ። በሽምግልና የከሳ ሰው የሚያጣው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻውንም ያጣል። ጡንቻ ያጣ ይወድቃል፤ የወደቀ ይሰበራል፤ የተሰበረ ይተኛል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የምግቡን ሰዓት ሲያፋልስ የመድኃኒቱንም ሥርዐት ያፋልሳል።

ስለ ራሴ መናገር ባልወድም እውነቱን ለመመስከር ያህል አንድ ነገር ልበል። ባለቤቴ ስትሞት አብረን ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረን ነበር። እስከ ሰልስት ድረስ ጎረቤት ሁሉ እዝን ይዞ መጣ፤ «አፈር ስሆን»፥ «በሞቴ» እየተባልሁ ሳልወድ በላሁ። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግን በቤቱ ውስጥ እኔና መሶቡ ብቻ ቀረን። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ሽሮ ወጥ መሥራት አለማወቄን ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ጧት ሻይና ዳቦ፥ ማታም ሻይና ዳቦ ምግቤ ሆነ። ልጆቼ በስልክ «አባዬ፥ በላህ ወይ?» ሲሉኝ «በልቻለሁ» እል ነበር፤ ውሸት መሆኑም አልታወቀኝም። በሦስተኛው ወር በቀበቶዬ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ዳገት ስወጣ ጕልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ኀዘን ነው» እያልሁ ተውሁት። ኀዘን ብቻ አልነበረም፤ ረኃብም ነበረ።

ከዚያ ያወጣኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በሬን አንኳኳ። «መምህር፥ በልተዋል ወይ?» አላለኝም፤ እንዲያ ቢል ኖሮ «በልቻለሁ» ብዬ እሸኘው ነበር። «መምህር፥ ምሳ ሳልበላ ነው የዋልሁት፤ ብቻዬን መብላት አልወድምና አብረን እንብላ» ብሎ የያዘውን እንጀራ ዘረጋ። እኔም እንግዳዬን ላለማሳፈር ብዬ እጄን ታጠብሁ። በማግሥቱ ሳምንትም መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ሽንኵርት ይዞ መጣና አከታተፉን አሳየኝ። ተማሪዬ አስተማሪዬ ሆነ። ዛሬ ሽሮና ምስር እሠራለሁ፤ ረቡዕ ማታ ደግሞ የምጠብቀው ሰው አለኝ።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያለ ቍጥር ዐውቀውት ነበር። እዝን የሚባለው ሥርዐት ኀዘንተኛ ቤት እሳት እንደማይነድ፥ ኀዘንተኛም ብቻውን እንደማይበላ ከማወቅ የመጣ ጥበብ ነው። ያን ሁሉ እያመሰገንሁ ግን፥ ከቀድሞው ልማድ የማይመሰገነውንም እናገራለሁ። ፊት መንጨት፥ ደረት መድቃት፥ ለብዙ ጊዜ መሬት ላይ መተኛት፥ ምግብ መተው የፍቅር መለኪያ ሆነው ኖረዋል። ብዙ ያልበላ ብዙ እንደ ወደደ ይቈጠር ነበር። ይህ መለኪያ ሐሰት ነው። ጾም ሰዓት አለው፥ መፍቻም አለው፤ ኀዘንተኛ የሚተወው ምግብ ግን መፍቻ ሰዓት የለውም። ሟቹም በሕይወቱ ሳለ «ብላ» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ከሞተ በኋላ «አትብላ» የሚል ይመስልሃል?

በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን ተመኝቶ በተኛ ጊዜ፥ የተላከለት መልአክ አስቀድሞ አልገሠጸውም፥ አልሰበከውምም። እንጎቻና ውኃ አቅርቦ ተነሥቶ እንዲበላ ነገረው። ነቢዩ በልቶ ዳግመኛ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ መጣ። የሁለተኛውን መምጣት አስተውል። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ የመጀመሪያውን መልአክ ሥራ ይሠራል፤ የሁለተኛውን የሚሠራ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፥ ይህን አንብበህ የምታደርገው ምንድር ነው? ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ወደ ኀዘንተኛው ቤት ሂድ፤ ከአርባው በኋላ ሂድ፤ ከሰማንያውም በኋላ ሂድ። የምትሄደውም በምግብ ሰዓት ይሁን። «በላህ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ አብረህ ብላ። ሕፃናት ካሉ ይዘሃቸው ሂድ፤ ሕፃን ባለበት ማዕድ ላይ ሽማግሌ እጁን አይሰበስብምና። ኀዘኑን በመጠጥ ወይም በመብል ብዛት የሚሸፍነውን ደግሞ፥ ሳታሳፍር፥ ለብቻው አድርገህ «ይብቃ» የምትለው ዘመድ ሁን። ልብሱ ሲሰፋበት፥ ጕልበቱ ሲደክም ካየህ ወደ ሐኪም ቤት ውሰደው። ደረቱን ያመመውን ሰው «ኀዘን ነው፥ ያልፋል» ብለህ አትተወው። ወንድ ልጅ ከሆንህ ደግሞ እናትህ በሕይወት ሳለች ወጥ መሥራት ተማር፤ እጅህን ሥራ ማስተማር ውርደት አይደለም።

አገራችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትላለች። ይህ ተረት የተነገረው ለንፉግ ነው። ነገር ግን በየሰፈራችን ንፉግ ሳይሆኑ ብቻቸውን የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ ማዕዳቸውን ለመካፈል የፈቀዱ፥ ተካፋይ ግን የሞተባቸው ናቸው። ዛሬ ማታ እንጀራህ ሲቀርብልህ፥ በሰፈርህ ውስጥ ማን ብቻውን እንደ ተቀመጠ አስብ። ዐስበህም አትቅር፤ ተነሣና በሩን አንኳኳ።